ክር ሳይበላ አሮጌ ዴክ ማስነሳት፦ ከጓዳ እስከ ፍላሽ

ጥር በመጣ ቁጥር ደብረ ብርሃን ውስጥ ወዳለችው የጥገና ሱቄ አንድ ዓይነት ደንበኛ ይመጣል። በአንድ ብብቱ የቪዲዮ ዴክ፣ በሌላ እጁ ክሩ የተንጠለጠለ ካሴት ይዟል። "ትናንት ማታ ለልጆቹ ልናሳይ ከተትነው፣ በላው" ይለኛል። ካሴቱ የራሱ ሰርግ ነው። ሌላ ኮፒ የለውም።

ዴኩን እሰራለታለሁ። የተጨማደደውን ክር ግን እንደነበረ የሚያደርግ ሰው አላውቅም።

ጥፋቱ የዴኩ እርጅና ብቻ አይደለም። 15 ዓመት አልጋ ስር የተኛ ዕቃ ይወጣል፣ ይሰካል፣ ወዲያው ቤት ውስጥ ያለችው አንድ ካሴት ትገባለች። ስለዚህ አንድ ሕግ እንስማማ፦ የሰርጉ ካሴት የሚገባው በመጨረሻው ደረጃ ነው። እስከዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ቁልፉንም ለማይቸኩል ሰው ስጡ።

የማወራው ስለ ቪኤችኤስ ዴክ ነው፤ ያን ትልቁን ጥቁር ካሴት ስለሚያጫውተው።

በቅድሚያ አሰባስቡ

- ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ መካከለኛና ትንሽ
- አይሶፕሮፒል አልኮል፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ
- ንጹህ ነጭ የፎቶ ኮፒ ወረቀት
- የጆሮ ማጽጃ ጥጥ
- አዲስ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ
- የእጅ ባትሪ፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ
- ቢጠፉ የማይቆጫችሁ ሁለት ካሴቶች

ካሴቶቹን ሁለት ያደረግኳቸው አንዱ ይበላል ብዬ ነው።

አልኮሉን ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ጠይቁ። ፋርማሲ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 70 በመቶ ነው፤ የቀረው ውሃ ነው። ሌላ ካጣችሁ ይሰራል፤ ግን እስኪደርቅ ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ቤንዚን፣ ቲነርና የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አታስጠጉ፤ ፕላስቲኩንና ጎማውን ይበሉታል። አረቄም አይሆንም። እየቀለድኩ አይደለም፤ ሄዱን፣ ማለትም ክሩን የሚያነበውን ክፍል፣ በደብረ ብርሃን አረቄ ያጠበ ሰው ገጥሞኛል። ሲደርቅ የተረፈው ነገር ሄዱ ላይ ተጋግሮ ነበር።

## ደረጃ 1፦ ዴኩን ከክፍሉ አየር ጋር አላምዱ

ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህን ነው። እኛ አገር ደግሞ ዋናው ይህ ነው።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ሌሊቱ ውርጭ ነው። መንዝማ ይብሳል። ጓዳ ያደረ ዴክ ውስጡ ያለው ብረት ቀዝቅዟል። ከሰል ወደተቀጣጠለበትና ጀበና ወደተጣደበት ክፍል ስታመጡት ብረቱ ላይ ላብ ይወጣል። መነጽር የምታደርጉ ታውቁታላችሁ፤ ከብርድ ገብታችሁ ቡና አጠገብ ስትቀመጡ መስታወቱ ጭጋግ ይለብሳል። ዴኩ ውስጥም ይኸው ነው የሚሆነው። ልዩነቱ፣ እዚያ ጭጋግ የለበሰው በደቂቃ 1,500 ጊዜ የሚሽከረከረው፣ ድራም የሚባለው የብረት ከበሮ መሆኑ ነው። እርጥብ ድራም ላይ ክር ይለጠፋል። ከተለጠፈ ይጠመጠማል፣ ይበጠሳል።

ከደብረ ብርሃን ተነስታችሁ፣ ጣርማበርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ዘመድ ቤት ዴክ የምታደርሱም ተጠንቀቁ። በአንድ ጠዋት ከውርጭ ወደ ቆላ እያስገባችሁት ነው።

1. ዴኩን ከቀዝቃዛው ቦታ ሳታወጡ በትልቅ ፌስታል ጠቅልሉና እሰሩ። ካሴቶቹንም ለየብቻ እንዲሁ።
2. ሞቃቱ ክፍል ውስጥ እንደታሰረ አስቀምጡት። ላቡ ፌስታሉ ላይ ይቀራል።
3. ቢያንስ 4 ሰዓት ጠብቁ። በብርድ ወራት ሌሊቱን ሙሉ ይደር።
4. ከዚያ ፍቱት።

ከሰል አጠገብ ወይም ፀሐይ ላይ አታድርቁት። ፕላስቲኩ ይጣመማል፤ ውስጡም አይደርቅም።

ሰክታችሁት ሳለ ቁልፎቹ ሁሉ እምቢ ካሉ ወዲያው ተበላሸ አትበሉ። አንዳንዱ ዴክ እርጥበት የሚለይ ሴንሰር አለው፤ እስኪደርቅ ራሱን ይቆልፋል። እንደተሰካ ሁለት ሦስት ሰዓት ተዉትና እንደገና ሞክሩ።

## ደረጃ 2፦ ጀርባውን አንብቡ

ከኋላው የተለጠፈችው ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ።

ቮልት። 220፣ 240 ወይም "110–240" ካለ ችግር የለም። 110 ወይም 120 ብቻ ካለ ግን ግድግዳው ላይ አትሰኩት። አሜሪካ ያለች እህት የላከችው ዴክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። እኛ ሶኬት ውስጥ 220 ነው ያለው። ባለ 110ው ሲሰካ የኃይል ክፍሉ በአንዴ ይነዳል። ከ220 ወደ 110 የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግዙ። ዴክ ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ ባለ 100 ዋቱ ይበቃዋል።

ሲስተም። ምስሉ የተቀዳበት ሥርዓት ማለት ነው። የአገራችን ካሴት ፓል ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ኤንቲኤስሲ ነው። ፓል ብቻ የሚያነብ ዴክ የአሜሪካ ካሴት ሲሰጡት ምስሉ ይዘላል፣ ድምፁ እንደ ሰካራም ይጎተታል። ይህ ብልሽት አይደለም። ሄድ ስታጥቡ አትዋሉ። ሁለቱንም የሚያነብ ባለብዙ ሲስተም ዴክ ተዋሱ።

## ደረጃ 3፦ ክፈቱ፣ ግን ገና አትንኩ

ማስጠንቀቂያ፦ ከሶኬት ከነቀላችሁ በኋላም የኃይል ክፍሉ ውስጥ ያለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትልቁ ካፓሲተር እስከ 310 ቮልት ሊይዝ ይችላል። ነቅላችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያም በኋላ የኤሌክትሪክ ገመዱ የሚገባበትን ጥግ በእጅም በካቻቢቴም አትንኩ። ሙያው ከሌላችሁ ይህ ጥግ የእናንተ አይደለም።

1. የላይኛውን ክዳን የጎንና የኋላ ብሎኖች ፍቱ። ብሎኖቹን ከየት እንደወጡ በፎቶ ያዙ።
2. ክዳኑን በትንሹ ወደኋላ ስባችሁ ወደ ላይ አንሱት።
3. ምንም ሳትነኩ ከላይ ሦስት አራት ፎቶ አንሱ። በኋላ "ይቺ ስፕሪንግ የት ነበረች?" ስትሉ የሚያድናችሁ ይህ ነው።
4. በእጅ ባትሪ ተመልከቱ።

ምን ልታገኙ ትችላላችሁ? ቆላ ከሆናችሁ በረሮ። ደጋ ከሆናችሁ አይጥ፤ ሙቀት ፈልጋ ገብታ ሽቦ በልታ ይሆናል። ጭንቅላታቸው ያበጠ ወይም ሥራቸው ቡናማ ነገር ያፈሰሰ ካፓሲተሮች ካያችሁ፣ ወይም የተቃጠለ ሽታ ካለ እዚህ ላይ አቁሙ። ሳትሰኩ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

አቧራውን በብሩሹ ወደ ውጭ ጥረጉ። በአፋችሁ እፍ አትበሉበት፤ ምራቅ ይገባል። ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር ማስነፋትም የለም። ያ አየር ውሃና ዘይት አለበት፤ ግፊቱም ትንንሾቹን ስፕሪንጎች ይዞ ይሄዳል።

ከአቧራው ጋር የዳንቴል ክርና የባና ጠጉር መውጣቱ አይቀርም። ዴክ ላይ ዳንቴል መደረብ ባህላችን ሆኗል፤ እናቴም ታደርገው ነበር። ሲጠፋ ይደረብ። ሲሰራ ግን መተንፈሻውን ይደፍናል፣ ክሩም ወደ ውስጥ ይወርዳል። የቡናው ጭስና የዕጣኑ ጢስ ደግሞ ሁሉ ነገር ላይ የምታጣብቅ ስስ ጥቀርሻ ያለብሳሉ። ዴክና ረከቦት አንድ ጥግ አይቀመጡ።

አትንኩ፦ በድራሙ ግራና ቀኝ የቆሙት ዘንጎች ላይ ያሉ ብሎኖች። አንዳንዶቹ ላይ የቀለም ጠብታ ታያላችሁ፤ ፋብሪካው ለክቶ ያተማቸው ናቸው። ሩብ ዙር ብታዞሯቸው የክሩ መንገድ ይዛባል። ያለ መለኪያ መሳሪያ መመለስ ከባድ ነው።

## ደረጃ 4፦ ኃይል ስጡት

ከስታብላይዘር ጋር ሰኩ። መብራት እየሄደ እየመጣ በሚውልበት ቀን ግን ይቅርባችሁ። ዴክ የሚገድለው መብራት ሲሄድ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው።

ኤሌክትሪክ የምታውቁ ከሆነ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰኩ አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በተከታታይ አስገቡ። የድሮው ባለ ክር አምፖል መሆን አለበት፤ ኤልኢዲ አይሰራም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ወዲያው ንቀሉ። ኤሌክትሪክ የማታውቁ ከሆነ ይህን አንቀጽ እለፉት። ገመድ ቆርጦ መቀጠል በንባብ አይለመድም።

ካሴት ሳትከቱ 15 ደቂቃ ተዉት። አጠገቡ ሁኑ። አዳምጡ፣ አሽትቱ።

- ትክ ትክ እያለ ካልተነሳ፦ የኃይል ክፍሉ ካፓሲተሮች ደርቀዋል።
- በብርድ ጠዋት እምቢ ብሎ ከሰዓት ከተነሳ፦ ይኸው የካፓሲተር በሽታ ነው። ቅዝቃዜ ያባብሰዋል። "ሲሞቀው ይሰራል" ብላችሁ አትኑሩበት፤ አንድ ቀን ካሴት እንደያዘ ይቀራል።
- የሰዓት ማሳያው ብቻ ከደበዘዘና ሌላው ከሰራ፦ አያስቸኩልም።
- ጭስ ወይም የሚቆጠቁጥ ሽታ፦ ንቀሉ። ለማረጋገጥ ብላችሁ እንደገና አትሰኩ።

ካፓሲተር የሚቀይርላችሁ ሰው ማይክሮፋራዱን እኩል፣ ቮልቱን እኩል ወይም ከፍ ያለ፣ ሙቀቱን 105 ዲግሪ የሚችል እንዲያደርግ ንገሩት። ባለ 85ው ርካሽ ነው፤ ቶሎ ይመልሳችኋል።

## ደረጃ 5፦ ሄዱንና የክሩን መንገድ አጽዱ

ከሶኬት ንቀሉ። እጃችሁን ታጠቡና አድርቁ። ቅቤ የነካ እጅ እዚህ አይገባም።

መሃል ላይ ያዘመመ፣ የሚያብረቀርቅ የብረት ከበሮ ታያላችሁ። ድራሙ እሱ ነው። ሄዶቹ በጎኑ ላይ ያሉ ጥቃቅን ቺፖች ናቸው፤ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ። ከጥፍር ጫፍ ያነሱ ናቸው። እንደ ሸክላም ይሰበራሉ።

1. ነጩን ወረቀት 3 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አድርጋችሁ ቁረጡ።
2. ጫፉን አልኮል ውስጥ ንከሩ። ይርጠብ እንጂ አይንጠባጠብ።
3. እርጥቡን ወረቀት በአንድ ጣት የድራሙ ጎን ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ያዙ። አትጫኑ። መንካት ይበቃል።
4. በሌላ እጃችሁ ድራሙን ከአናቱ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ግራ፣ ማለትም ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ አምስት ስድስት ጊዜ አዙሩ። የሚንቀሳቀሰው ድራሙ ነው፤ ወረቀቱ ቆሞ ይቆያል።
5. ወረቀቱን እዩ። ጥቁር ወይም ቡናማ ሰረዝ ካለ ሌላ ቁረጡና ድገሙ። ወረቀቱ ንጹህ እስኪወጣ ቀጥሉ።

ወረቀቱን ወደ ላይና ወደ ታች አትሹ። ፈጽሞ። ሄዱ ይነቀላል። የጆሮ ጥጥም ድራሙን አይንካ፤ የጥጡ ክር ሄዱን ይዞ ይሰብረዋል። አንድ ሄድ ተሰበረ ማለት ዴኩ አለቀ ማለት ነው፤ ምትኩ ሌላ ዴክ ነው።

ጥጡን ለቀሩት ተጠቀሙበት፦

6. ከድራሙ በስተቀኝ ያለውን ድምፅ የሚያነበውን ቋሚ ሄድ ጥረጉ። ድምፁ የታፈነ ከሆነ መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ነው።
7. በስተግራ ያለውን መሰረዣ ሄድ ጥረጉ።
8. ክሩ የሚያልፍባቸውን ዘንጎች በሙሉ ጥረጉ።
9. ካፕስታን የምትባለውን ቀጭን የብረት ዘንግና እሷን የሚጫናትን ጥቁር ጎማ አጽዱ። ዘንጓን በጣት እያዞራችሁ በዙሪያዋ። ከጎማው ላይ ቡናማው ቆሻሻ እስኪለቅ ጥረጉ። ጥቂት ጥቁር ሁልጊዜም ይወጣል፤ ያ የጎማው ቀለም ነው።

ጎማው እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ወይም ከተሰነጠቀ ማጽዳት አያድነውም። ክርን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ገፍቶ ዳሩን የሚያጨማድደው እሱ ነው። ቀይሩት።

30 ደቂቃ ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ።

ዘይት አትጨምሩ። የልብስ ስፌት ማሽን ዘይት ለሲንጀር ነው። አንድ ጠብታ ጎማው ላይ ከደረሰ መንሸራተት ይጀምራል፣ ቀጥሎ ክር መብላት። "ሄድ ማጽጃ" ተብለው የሚሸጡትን ደረቅ ካሴቶችም አልመክርም። እንደ አሸዋ ወረቀት ነው የሚፍቁት።

## ደረጃ 6፦ ቺንጋውንና ጎማዎቹን ፈትሹ

ዴክ ክር የሚበላው እንዴት ነው? ካፕስታኗና ተጫኙ ጎማ ክሩን እየሳቡ ወደ ቀኝ ይልካሉ። የቀኙ ማጠንጠኛ ደግሞ የመጣለትን መጠቅለል አለበት። እሱን የሚያዞረው ጎማ ከደረቀና ከተንሸራተተ ክሩ ይመጣል፣ የሚቀበለው የለም። ሆድ ዕቃ ውስጥ ይከመራል። ሌላው ሁሉ ዝርዝር ነው።

በሁለቱ ማጠንጠኛዎች መካከል ወዲያ ወዲህ የሚል ትንሽ ጎማ ለበስ መዘውር ፈልጉ፤ አንዳንዱ ዴክ በጥርስ ነው የሚሰራው፤ ጎማው የለም። ካለ በአልኮል ጥረጉት። አሁንም የሚያብለጨልጭ ከሆነ በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ፊቱን በስሱ ሻካራ አድርጉት። ለጊዜው ይይዛል።

ቺንጋዎቹን በጣት ነካ አድርጉ። ላላ ያለ፣ የተሰነጠቀ ወይም እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ ከሆነ ይቀየራል። በቸገረ ጊዜ የላላውን ፈልቶ በወረደ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ብትነክሩት ትንሽ ይሰበሰባል። ለቀናት ነው፤ ከዚያ አይተማመኑበትም። የብር ማሰሪያ ላስቲክ ግን አታድርጉ። ውጥረቱ እኩል አይደለም፤ ሲቆይም ቀልጦ መዘውሩ ላይ ይጋገራል። እሱን መፋቅ ከሁሉም የከፋ ሥራ ነው።

መለዋወጫ ከየት? አዲስ አበባ መርካቶ ካልተገኘ ከሞተ ዴክ ይወጣል። ስለዚህ የጎረቤት የሞተ ዴክ ሲጣል ካያችሁ አንሱት።

## ደረጃ 7፦ በማይቆጫችሁ ካሴት ሞክሩ

ክዳኑን ሳታስሩ መልሱት፤ ወይም ክፍሉን አጨልሙ። ዴኩ የክሩን መጨረሻ የሚያውቀው በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው። ክፍት ሆኖ የደብረ ብርሃን ፀሐይ በመስኮት ከመታው ሴንሰሩ ይታለላል፤ ያልተበላሸውን ዴክ የተበላሸ ያስመስለዋል። በዚህ ምክንያት ደህና ዴክ ፈታተው ያመጡልኝ ብዙ ናቸው።

1. ካሴቱን ክተቱ። ሳታጫውቱ አስወጡ። ሦስት ጊዜ ድገሙ።
2. ወደፊት ለአንድ ደቂቃ፣ ወደኋላ ለአንድ ደቂቃ አጠንጥኑ።
3. ለ20 ሴኮንድ አጫውቱ፣ አቁሙ፣ አስወጡ።
4. በካሴቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቁልፍ ተጭናችሁ የፊት ክዳኑን አንሱ። ክሩን በብርሃን እዩ። ረጅም ጭረት ወይም የተጨማደደ ዳር አለ?
5. ከሌለ 30 ደቂቃ አጫውቱ። እንደገና እዩ።

ሲያጫውት በ5 ወይም 10 ሴኮንድ ውስጥ ራሱ ከቆመ፣ ማጠንጠኛው አልዞረም፤ ወይም መዞሩን የሚቆጥረው ሴንሰር አቧራ ይዞታል። መቆሙ መከላከያ ነው። እልህ ተጋብታችሁ ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ በያንዳንዷ ሙከራ ጥቂት ክር ይዘረገፋል። ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።

ምስሉ በረዶ ብቻ ከሆነ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ድምፅ ብቻ ካለ ሄዱ አልጸዳም። ደረጃ 5ን ድገሙ። ከላይ ወይም ከታች የሚሄድ ሰረዝ ካለ ትራኪንግ የሚለውን ቁልፍ ቀስ እያላችሁ ወደ ሁለቱም ጎን ሞክሩ። ድምፁ ከተንቀጠቀጠ ካፕስታኗና ጎማዋ ናቸው። ካሴቱን ተቀብሎ ወዲያው ከተፋ የካሴቱን መሳቢያ የሚያንቀሳቅሰው ቺንጋ ላልቷል፤ ወይም ዴኩ "አሁን የት ነኝ?" የሚልበት ማብሪያ ቆሽሿል። ይህኛው ፈታ ፈታ ማድረግ ስለሚፈልግ ለባለሙያ ተዉት።

### ክር ከያዘስ?

አትሳቡ። ማስወጫውን ደጋግማችሁ አትጫኑ። መቀስ የያዘውን ሰውዬ ከክፍሉ አስወጡ።

1. ንቀሉ። ክዳኑን አንሱ።
2. ክሩን ከካሴቱ አውጥተው ድራሙ ላይ የጠመጠሙትን ሁለት ክንዶች ፈልጉ። እነሱ ወደ ቦታቸው ካልተመለሱ ካሴቱ አይወጣም።
3. ክንዶቹን የሚያንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር ፈልጉ። ጫፉ ላይ መዘውር ወይም ጥርስ አለው። በጣት ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ክንዶቹ ወደ ካሴቱ ከቀረቡ አቅጣጫው ልክ ነው፤ ከራቁ በተቃራኒው አዙሩ። ብዙ ዙር ይፈልጋል። ታገሱ።
4. ክንዶቹ ሲመለሱ የተረፈውን ክር በጥንቃቄ ከዘንጎቹ ላይ አላቁ። በጣት ጫፍ፣ ዳሩን ብቻ ይዛችሁ።
5. ሞተሩን ማዞር ቀጥሉ፤ ካሴቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ክሩ አሁንም ከተንጠለጠለ የካሴቱን ክዳን ከፍታችሁ ያዙ፤ እንዳይቆርጠው።
6. ከካሴቱ ሥር መሃል ላይ ባለችው ቀዳዳ እርሳስ አስገብታችሁ ጫን አድርጉ፤ ፍሬኑ ይለቃል። በሌላ እጅ ማጠንጠኛውን አዙራችሁ ክሩን መልሱ። ክሩ እንዳይጠማዘዝባችሁ ተጠንቀቁ።

ክንዶቹ አንድ ቦታ ላይ ተቸክለው እምቢ ካሉ አትታገሉ። ከነካሴቱ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

## ደረጃ 8፦ አሁን የሰርጉን ካሴት አውጡ፣ ግን አትክተቱ

መጀመሪያ በጀርባው በግራ ጥግ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ሰብራችሁ አውጡ። እሷ ከሌለች ዴኩ ካሴቱ ላይ መቅዳት አይችልም። ሙሽሪት ልትወጣ ስትል በዜና የተቆረጠ የሰርግ ካሴት አይቻለሁ። አንዲት ቀይ ቁልፍ በስህተት ተጭነው ነው።

ቀጥሎ በመስኮቱ በኩል ጥቅሉን በእጅ ባትሪ እዩ። ነጭ ዱቄት ወይም እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ክረምቱን ጭቃ ግድግዳ ተደግፎ የከረመ ካሴት ላይ የተለመደ ነው። የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ አይገባም። ክሩ ይቀደዳል፣ ሄዱን ይደፍናል፣ ቀጥሎ የሚገባውንም ይበክላል። በተለየ ፌስታል አስቀምጡትና የሻገተ ክር ማጽዳት የሚችል ሰው ፈልጉ። እስከዚያው ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ። ሻጋታው እንዳይስፋፋ ይረዳል።

ሳጥኑ ከተሰነጠቀ ብቻ ሥሩ ላይ ያሉትን አምስት ብሎኖች ፈታችሁ ሁለቱን ጥቅሎች ወደ ደህና ካሴት ሳጥን አዛውሩ። የክሩን መንገድ መጀመሪያ ፎቶ አንሱ።

ንጹህ ከሆነ ከዳር እስከ ዳር አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ አጠንጥኑት። ዓመታት ሲተኛ የተጣበቀው ይላቀቃል። ድምፁ መሃል ላይ ከከበደ አቁሙና አውጡ።

## ደረጃ 9፦ ለማየት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ቅዱ

የመጀመሪያው ሙሉ ዙር የቅጂ ዙር ይሁን። ቤተሰቡ ከጎን ሆኖ ይመልከት፤ ኮምፒውተሩ ግን እየቀዳ። ነገ ስለመስራቱ ዋስትና የለም።

1. ከዴኩ ጀርባ ቢጫውን ለምስል፣ ነጩንና ቀዩን ለድምፅ ሰኩ። የእናንተ ዴክ የድምፅ ቀዳዳ አንድ ብቻ ከሆነ ነጩን ተጠቀሙ።
2. ሌላኛውን ጫፍ ቪዲዮ ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባው የዩኤስቢ መሳሪያ ላይ ሰኩ።
3. ፕሮግራሙ ላይ ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ የሚለውን እንደ ካሴቱ ምረጡ። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከመጣ የተሳሳተው ይህ ነው።
4. ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ አድርጉ። ጥሩ ጥራት ላለው የ3 ሰዓት ካሴት ከ10 ጊጋባይት በላይ ክፍት ቦታ ይኑር።
5. ለሁለት ደቂቃ ቅዱና መልሳችሁ ተመልከቱ። ድምፅ አለ? አለመኖሩን ከ3 ሰዓት በኋላ ከምታውቁት አሁን እወቁት።
6. ከመጀመሪያው ጀምሩ። አጠገቡ ሁኑ።

መሃል ላይ መብራት ከሄደ ክሩ ድራሙ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። ካሴቱን ለማውጣት አትሞክሩ። ገመዱን ንቀሉና ጠብቁ። መብራት ተመልሶ አሥር ደቂቃ ከረጋ በኋላ ሰኩት። አብዛኛው ዴክ ራሱ ክሩን ይመልሳል።

ሲያልቅ ፋይሉን ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ፍላሽ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን፣ ልጅ ወይም እህት ጋ። ካሴቱን እስከ መጨረሻ አጠንጥናችሁ አውጡ። ዴክ ውስጥ አታሳድሩት። እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ከወለሉና ከግድግዳው አርቃችሁ አስቀምጡ።

ዴኩን በወር አንዴ በማይቆጫችሁ ካሴት 20 ደቂቃ አሰሩት። ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተጭኖ እንዳይጎደጉድ ነው። ከዚያ ንቀሉት። እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት ጠብቁና ዳንቴሉን መልሱ።